ደሴ ላይ የሚበራ፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚጠፋ፦ የአንዲት ያረጀች አውቶሞቢል የቼክ ኢንጂን መብራት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የአንዲት የጃፓን ሥሪት አውቶሞቢል ነው። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች፣ ባለ አራት ሲሊንደር 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላትና ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ 290,000ን ያለፈ ስትሆን፣ ባለቤቷ በደሴ ፒያሳ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ እኛ ጋራዥ ውስጥ ሁላችንም «ሐጂ» እያልን የምንጠራቸው አባት ናቸው። በታኅሣሥ ወር ወደ እኛ ሲመጡ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ከዓመት በላይ እየበራና እየጠፋ ቆይቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ተቀይሯል፤ ካንዴላዎቹ ተቀይረዋል፤ የባትሪው ገመድ እየተነቀለ ኮዱ፣ ማለትም የመኪናዋ ኮምፒውተር ያገኘውን ጥፋት የሚመዘግብበት መለያ፣ በተደጋጋሚ ተሰርዟል፤ በመጨረሻም ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭሱን የሚያጣራው፣ በአጭሩ ካታሊስት የሚባለው ክፍል) ተቆርጦ በቦታው ባዶ ቱቦ እንዲበየድ ምክር ተሰጥቷቸዋል። እኛ ዘንድ የመጡት ይህን የመጨረሻውን ከማስደረጋቸው በፊት ሌላ ዓይን እንዲያየው ፈልገው ነው።

ይህ ጉዳይ በዝርዝር ሊጻፍ የሚገባው የተለየ ስለሆነ ሳይሆን በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልድያ መንገዶች ከሚሄዱት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ ዋናው አማራጭ ሆኗል። በእነዚህ መኪኖች ላይ መብራቱ ሲበራ የሚከተለው ነገር ግን ከጋራዥ ጋራዥ ብዙም አይለያይም፤ ኮድ ይነበባል፣ በኮዱ ስሙ የተጠራው ወይም የተጠረጠረው ዕቃ ይገዛል፣ መብራቱ ለጥቂት ቀናት ይጠፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይበራል። ባለቤቱ በዚህ መካከል የሚያወጣው ገንዘብ የሚያሳዝነኝን ያህል፣ ደህና ዕቃ ተነቅሎ መጣሉም ያሳዝነኛል።

ሐጂ ቁልፉን ሲሰጡኝ የተናገሩት ቃል የምርመራው መነሻ ሆኖ አገልግሏል። «መምህር፣ ይቺ መብራት ደጋ አትወድም» አሉኝ። «ኮምቦልቻ ልጄ ዘንድ ወርጄ ስሰነብት ትጠፋለች፤ ደሴ በገባሁ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ትመለሳለች።» ከእኛ በፊት ያዩት ባለሙያዎችም ይህንኑ ሰምተው የሰጡት ትርጓሜ አንድ ነበር፤ ከፍታው ነው፣ የደሴ አየር ስስ ነው፣ ሴንሰሩ ይህን አይችልም የሚል ነው። የባለቤቱ ምልከታ ትክክል ነው፤ ለምልከታው የተሰጠው ምክንያት ግን ሊሆን አይችልም። ይህን ለማስረዳት ሴንሰሩ ምን እንደሚለካ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል።

ሴንሰሩ የሚለካው

በዚህች መኪና ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ከዚርኮኒያ ሴራሚክ የተሠራ ሲሆን፣ አንድ ገጹ በጭሱ ውስጥ፣ ሌላ ገጹ ከውጭ አየር ጋር ይገናኛል። በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነት ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ሲበዛ፣ ማለትም ለአየሩ መጠን ቤንዚኑ ሲያንስ፣ ቮልቴጁ ወደ 0.1 ይወርዳል፤ ቤንዚኑ ሲበዛ ወደ 0.9 ይወጣል። ኮምፒውተሩ 0.45 ቮልት አካባቢ ያለውን መሻገሪያ እየተከተለ፣ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም አየር እንዲደርስ ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚከፈቱበትን ጊዜ ያስተካክላል። ሴንሰሩ በትክክል የሚሠራው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቶሎ እንዲሞቅ በውስጡ ማሞቂያ ተገጥሞለታል። ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር ዋና ሥራው የካታሊስቱን ጤንነት መከታተል ነው።

ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ማስተካከያ ፊዩል ትሪም ተብሎ በመቶኛ ይመዘገባል። የአጭር ጊዜው እርማት በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ ነው፤ የረጅም ጊዜው ደግሞ ኮምፒውተሩ ከቀናት ልምድ የተማረው ነው። የሁለቱ ድምር ከዜሮ በላይም ሆነ በታች 10 በመቶ አካባቢ እስከሆነ ድረስ ያረጀ ሞተር ጤነኛ ነው ማለት ይቻላል። ድምሩ በጣም ከፍ ብሎ ከገደቡ ሲያልፍ «ፒ0171» የሚለው ኮድ ይመዘገባል፤ ትርጉሙም ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል፣ እኔም የምችለውን ያህል ጨምሬ አልበቃ ብሎኛል ማለት ነው። በዚህ ኮድ ውስጥ ሴንሰሩ ምስክር እንጂ ተከሳሽ አይደለም፤ በሐጂ መኪና ላይ ግን በመጀመሪያ የተቀየረው እርሱ ነበር።

ከፍታውን በተመለከተ፣ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ናት። በደሴ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ይህች መኪና ግን ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካ ኤርፍሎ ሴንሰር ያላት በመሆኗ የምትለካው የአየሩን ስፋት ሳይሆን ክብደቱን ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሚለካው ክብደት ያንሳል፣ የሚረጨውም ቤንዚን በዚያው ልክ ያንሳል። ከፍታ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ የድብልቁን መጠን ግን አያዛባም። ከዚህም በላይ፣ ችግሩ ከኤርፍሎው በኋላ በስንጥቅ የሚገባ ያልተለካ አየር ከሆነ፣ ስንጥቁ እኩል ስፋት እስካለው ድረስ በደሴ የሚገባው አየር ከኮምቦልቻው ማነስ አለበት፤ ምክንያቱም አየሩን ወደ ውስጥ የሚገፋው የውጭ ግፊት በደጋው ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ከፍታ ብቻውን ቢሠራ ኖሮ የሐጂ መብራት በተቃራኒው ኮምቦልቻ ላይ በርቶ ደሴ ላይ መጥፋት ነበረበት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከከፍታ ሌላ የሚለየው ነገር ምን እንደሆነ መፈለግ ነበረብን።

ኮዱን ከመሰረዝ በፊት

ኮድ ማንበቢያውን ስካነር ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ሰክተን ሁለት ኮዶች አገኘን። አንደኛው ከላይ የተጠቀሰው ፒ0171 ሲሆን፣ ሁለተኛው ፒ0135 ነው፤ ይኸኛው የፊተኛው ሴንሰር የማሞቂያ መስመር መበላሸቱን ይናገራል። ሐጂ በየጋራዡ የተሰጣቸውን ወረቀት ያስቀምጡ ስለነበር፣ ከዓመት በፊት በተነበበው የመጀመሪያ ወረቀት ላይ ፒ0171 ብቻ ተጽፎ እንደነበር ለማየት ችለናል። ፒ0135 የታየው ሴንሰሩ ከተቀየረ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ነገር ይናገራል፤ ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ሁለቱን ኮዶች አንድ በሽታ አድርጎ መቁጠር እጅግ ቀላል ነበር። የጋራዥ ወረቀት የሚጥል ባለቤት ለሚቀጥለው መካኒክ ግማሹን ማስረጃ ጥሎበታል።

ኮድ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ የነበረበትን ሁኔታ አብሮ ያስቀምጣል፤ ፍሪዝ ፍሬም ይባላል። ኮዱ በተሰረዘ ጊዜ፣ የባትሪው ገመድም በተነቀለ ጊዜ፣ ይህ መረጃ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በእኛ ጋራዥ ማንም ተለማማጅ ፍሪዝ ፍሬሙን በወረቀት ሳይገለብጥ ኮድ እንዳይሰርዝ ሥርዓት አድርገነዋል። የዚህች መኪና መዝገብ የሞተሩን ውሃ ሙቀት 68 ዲግሪ፣ የሞተሩን ዙር በደቂቃ 790፣ የመኪናዋን ፍጥነት 0፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት ደግሞ 11 ዲግሪ አድርጎ አስቀምጧል። መኪናዋ ቆማለች፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ በዝቅተኛው ዙር፣ እየሠራ ነው፣ ገና በደንብ አልሞቀም፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። በታኅሣሥ ወር ደሴ ላይ አየር 11 ዲግሪ የሚሆነው በማለዳ ወይም በምሽት ነው፤ ሐጂም በየማለዳው ከሱብሒ ሶላት በኋላ መኪናዋን አስነስተው ግቢ ውስጥ ትንሽ እንደሚያሞቋት ነግረውናል።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቆ ሳለ፣ በሚኒሞ ያየነው ቁጥር የረጅም ጊዜው እርማት +14፣ የአጭር ጊዜው −6 ነበር። ድምሩ +8 ስለሆነ በራሱ ጥፋት አይባልም፤ ነገር ግን የሁለቱ መቃረን ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። ኮምፒውተሩ በሌላ ሰዓት ብዙ ቤንዚን መጨመርን ተምሯል፤ አሁን ግን የተማረው በዝቶበት በየቅጽበቱ እየቀነሰ ነው። ሞተሩን ወደ 2,500 ዙር ስናሳድገው ድምሩ ወደ +2 ወረደ። የቤንዚን ፖምፑ ደክሞ ወይም ፊልትሮው ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን በሚጠይቅበት ጊዜ እርማቱ መጨመር ነበረበት። ስለዚህ ፖምፑንና ፊልትሮውን አልነካናቸውም። በስንጥቅ የሚገባ አየር ግን ተቃራኒውን ያሳያል፤ በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት በመሆኑ በስንጥቅ የሚገባው ድርሻው ትልቅ ነው፣ ዙሩ ሲጨምር ግን የስንጥቁ አየር ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ይሆናል።

ሌሎችን ጥርጣሬዎች በፍጥነት አለፍናቸው። ከሴንሰሩ በፊት ጭስ የሚያፈስ ቦታ ካለ የውጭ አየር ወደ ቱቦው እየገባ ሴንሰሩን ሊያሳስት ስለሚችል የጭስ ማኒፎልዱን (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ቱቦ) መጋጠሚያ መረመርን፤ ጥላሸትም ሆነ የማፈንዳት ድምፅ አልነበረም። ኤርፍሎው ከአቧራ ንጹሕ ነበር። ከኤርፍሎው ወደ ትሮትል የሚሄደውን ጎማ ቱቦ እያጠፍን እጥፋቶቹን አንድ በአንድ አየን፤ ደህና ነው።

ካታሊስቱ ተደፍኗል የተባለው ለምን እንደሆነም አጣራን። የሐጂ ወረቀት እንደሚያሳየው አንድ መካኒክ የቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል የሚለካ መሣሪያ) ሰክቶ 13 ኢንች ሜርኩሪ አንብቧል፤ መጻሕፍቱ ደግሞ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ያነባል ይላሉ። ይህ የመጻሕፍቱ ቁጥር ግን ለባሕር ወለል የተሰጠ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል መቀነስ ስለሚገባ፣ ደሴ ላይ 13 የሚያነብ ሞተር በጤናው ነው። እዚህ ላይ ከፍታው በእርግጥ ጉዳይ ነበረው፤ ሰዎች የፈለጉት ቦታ ላይ ግን አልነበረም። ጌጁን ሰክተን ሞተሩን በ2,500 ዙር ለረጅም ጊዜ ስናቆየው ንባቡ እየወረደ አልሄደም፤ የተደፈነ ካታሊስት ቢሆን ኖሮ ጭሱ መውጫ እያጣ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይወርድ ነበር። የኋለኛው ሴንሰርም በ0.6 እና 0.7 ቮልት መካከል ረግቶ ቆመ፤ ይህም ካታሊስቱ ኦክስጅን የመያዝ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ቆርጦ መጣል ለመኪናዋ ፒ0420 የሚባል፣ ካታሊስቱ አይሠራም የሚል ሦስተኛ ኮድ፣ ለደሴም ሳይጣራ የሚለቀቅ ጭስ ከመጨመር ሌላ ፋይዳ አልነበረውም።

ማለዳ

ጥፋቱ የሚኖረው በማለዳ ብርድ ከሆነ መፈለግ ያለበትም በማለዳ ብርድ ነው። ሐጂን መኪናዋ ጋራዥ ማደር እንዳለባት ስነግራቸው «አብሽሩ፣ ትደር» ብለው በባጃጅ ሄዱ። በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሌሊቱን ውጭ አድራ የቀዘቀዘችውን መኪና አስነሳን። ኮምፒውተሩ የሴንሰሩን ንባብ መከተል እንደጀመረ የአጭር ጊዜው እርማት ወጥቶ +15 ላይ ቆመ፤ የረጅም ጊዜው +16 ነበር። ድምሩ +31 ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ +8 የነበረች መኪና፣ አንዳች ነገር ሳይነካባት፣ በዚያው ከተማና በዚያው ከፍታ ላይ ቆማ +31 ሆነች። የከፍታው ክርክር በዚህች ንባብ አበቃ።

አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው የአየር መግቢያ ማኒፎልድ ከፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር የሚጋጠመው በጎድጓዳ መስመር ውስጥ በተቀመጠ የጎማ ጋስኬት (ማሸጊያ) ነው። በዚህ መጋጠሚያ ላይ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ በትንሽ በትንሹ መርጨት ጀመርን። ብዙዎች ለዚህ የካርቡሬተር ማጽጃ ይጠቀማሉ፤ እኔ ግን ከሚሞቅ የጭስ ማኒፎልድ አጠገብ በቶሎ የሚቀጣጠል ነገር እንዲረጭ አልፈቅድም። ውሃው በአንደኛና በሁለተኛ ሲሊንደር በኩል ምንም ለውጥ አላመጣም። ወደ አራተኛው ሲሊንደር ሥር ሲደርስ፣ ሞተሩ ለቅጽበት ውሃውን የሚጠጣ ዓይነት የፉጨት ድምፅ አሰማ፣ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ሚኒሞ ረጋ፣ የአጭር ጊዜው እርማት ከ+15 ወደ +3 ወርዶ ውሃው ሲያልቅ ተመልሶ ወጣ። ተለማማጁ ስካነሩን ይዞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ ውሃውን ደጋግሜ ረጨሁት፤ ቁጥሩም በየጊዜው ተከተለው።

ለማረጋገጫ ሞተሩን አጥፍተን ወዲያው ጭስ ነፋንበት። የጭስ ማሽናችን በጋራዡ የተሠራ ነው፤ በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ የሕፃናት ቅባት ዘይት በናፍጣ ሞተር ካንዴሌታ እየጋለ ጭስ ይሰጣል፣ በጣም ዝቅተኛ በሆነ የአየር ግፊትም ወደ ማኒፎልዱ ይገፋል። ከአራተኛው ሲሊንደር መጋጠሚያ ታችኛ ጠርዝ፣ ከላይ ኮፈን ከፍቶ በሚያይ ሰው ዓይን ፈጽሞ በማይታይበት ቦታ፣ ቀጭን ነጭ ክር ወጣ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተን እስኪሞቅ ጠብቀን ጭሱን እንደገና ስንነፋ ከዚያ ቦታ ምንም አልወጣም። ያረጀ ጎማ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፣ ክፍተቱን መሙላት ያቅተዋል፤ የሞተሩ ሙቀት ሲደርሰው ይለሰልስና ይገጥማል። ጋስኬቱ ሲወጣ ያየነውም ይህንኑ ነው፤ በአራተኛው በኩል ከጎድጓዳው በላይ መታየት የነበረበት የጎማ ጠርዝ ተጨፍልቆ ከፕላስቲኩ ጋር እኩል ሆኖ ነበር፣ በጥፍር ሲጫኑትም አይመለስም።

ሐጂ ያዩት ምልክት አሁን ትርጉም አገኘ። የዚህ ዓይነቱ ኮድ መብራቱን የሚያበራው ጥፋቱ በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ላይ ሲታይ ነው፤ መብራቱ በራሱ የሚጠፋው ደግሞ ጥፋቱ ሳይታይ ሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ሲያልፉ ነው። በኮምቦልቻ ማለዳው ለዘብ ያለ ስለሆነ ጋስኬቱ ይገጥማል፤ ጥቂት ቀን ሲሰነብቱ መብራቱ ይጠፋል። ወደ ደሴ ተመልሰው ሁለት ብርዳማ ማለዳ ሲያልፍ ይበራል። መኪናዋ ያልወደደችው ደጋውን ሳይሆን የደጋውን ብርድ ነበር።

ከሕክምናው የተወለደው ሁለተኛ ጥፋት

ፒ0135 የተለየ ታሪክ አለው። በቀድሞው ጋራዥ የተገጠመው ሴንሰር ለብዙ ዓይነት መኪና ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ፣ የራሱ ሶኬት የሌለው ዓይነት ነው። የመኪናዋ የቀድሞ ሴንሰር ሶኬት ተቆርጦ፣ አራቱ ገመዶች እርስ በእርስ ተጠምዝዘው፣ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልለው ነበር። ቴፑን ስንፈታው በዘይት ረጥቦ፣ ከሁለቱ የማሞቂያ ገመዶች የአንዱ መዳብ ጠቁሮና አረንጓዴ ዝገት ይዞ አገኘነው። ከሶኬቱ በኩል የማሞቂያውን ሬዚስታንስ ስንለካ ቴስተሩ አንዴ ብዙ መቶ ኦም፣ አንዴ ሙሉ መቋረጥ ያሳያል፤ ከመጋጠሚያው ወዲያ፣ ከሴንሰሩ ገመድ ላይ ስንለካ ግን 12 ኦም ነው። የማሞቂያው ሽቦ ደህና ነው፤ የተበላሸው መጋጠሚያው ነው።

የዚህ ዓይነቱን ሴንሰር ገመድ ለሚያገናኝ ሁሉ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚያስፈልጋቸውን የውጭ አየር የሚያገኙት በገመዶቻቸው ሽፋንና በክሮቹ መካከል ነው። ስለዚህ መጋጠሚያውን በእርሳስ መበየድ ወይም በግሪስ መድፈን ሴንሰሩን አየር ሊያሳጣውና ውሸት ሊያናግረው ይችላል። ገመድ መቀጠል የግድ ከሆነ በመጨመቂያ ማያያዣ ተደርጎ ከዘይትና ከውሃ በሚከላከል ሽፋን መሸፈን አለበት፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን የራሱ ሶኬት ያለውን ሴንሰር መግዛት ነው።

ሐጂ ሲገቡ ያነሱት የቤንዚን ሽታና የፍጆታ መጨመርም ከዚህ የመጣ ነው። ሽታው የጀመረው ሴንሰሩ ከተቀየረ በኋላ እንደሆነ አስታውሰዋል። ማሞቂያው ሲቋረጥ ሴንሰሩ የሚሞቀው በጭሱ ብቻ ስለሆነ ሥራ ለመጀመር ይዘገያል፤ እስከዚያ ኮምፒውተሩ የሚሄደው በተማረው እርማት ነው፣ የተማረው ደግሞ ማለዳ በገባው ያልተለካ አየር ምክንያት ወደ ላይ የተዛባ ነው። ሁለቱ ጥፋቶች እንዲህ ተደጋገፉ።

የመጀመሪያውን ሴንሰር ሐጂ አልጣሉትም ነበር፤ በጨርቅ ጠቅልለው ከትርፍ ጎማው አጠገብ አስቀምጠውታል። ጫፉ ቀላል ግራጫ ሲሆን፣ ቤንዚን ሲበዛ የሚታየው ጥቁር ጥላሸትም ሆነ ሲሊኮን የሚተወው ነጭ ዱቄት የለበትም። ማሞቂያው 13.5 ኦም ለካ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሴንሰር በቀዝቃዛነቱ ከ11 እስከ 16 ኦም ይጠበቃል። የተቆረጠውን ሶኬቱን በመጨመቂያ ማያያዣ መልሰን፣ ሴንሰሩን ገጥመን፣ ሞተሩን በ2,500 ዙር አቆይተን ስናየው ከ0.1 እስከ 0.85 ቮልት ሳያቋርጥ ይመላለሳል። በብዙ ገንዘብ የተተካው ሴንሰር ከተነቀለበት ቀን ጀምሮ ደህና ነበር።

ጥገናውና ከሐረጎ በታች የተደረገው ፍተሻ

የማኒፎልዱ ጋስኬት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ መጣ። ዋጋው ለሴንሰሩና ለካንዴላዎቹ ከወጣው አንድ አሥረኛ አይሞላም። እስኪመጣ ድረስ በሲሊኮን ደፍነን መኪናዋን እንድንሰጥ ሐሳብ ያቀረበ ሠራተኛ ነበር፤ አልተቀበልነውም። ለዚህ ሥራ ያልተዘጋጀ ሲሊኮን ተንኖ ወደ ሲሊንደር ሲገባና ሲቃጠል የሴንሰሩን ጫፍ በነጭ ሽፋን ይመርዘዋል፤ አንዴ ከተመረዘ አይድንም። ደህና ሆኖ የተገኘውን ሴንሰር በገዛ እጃችን ልንገድለው አይገባም። የቴስታታውን ገጽ አጽድተን፣ አዲሱን ጋስኬት ደረቁን ገጥመን፣ ቡሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር በየተራ በቶርክ ቁልፍ አጠበቅን።

ኮዱን ሰርዘን መኪናዋን «አልቋል» ብለን አላስረከብንም። ኮድ ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ያጠናቀቀበትን ምልክት ሁሉ አብሮ ይሰርዛል፤ መብራቱ መጥፋቱ ገና አልተፈተሸም ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ ስካነሩን ሰክተን ከሐጂና ከተለማማጁ ጋር በሐረጎ ቁልቁለት በኩል ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። በቁልቁለቱ ላይ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ መኪናዋን እየያዘ ሲወርድ፣ የፊተኛው ሴንሰር ወደ 0 ቮልት ወርዶ እዚያው ተቀመጠ። ተለማማጁ ደንግጦ ሴንሰሩ ሞተ አለኝ። አልሞተም፤ እግር ከነዳጅ ፔዳል ላይ ተነሥቶ ሞተሩ በጎማው ሲሽከረከር ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ይቆርጣል፣ በጭሱ ቱቦ የሚያልፈውም ንጹሕ አየር ነው፣ ሴንሰሩም ያንን በትክክል እየተናገረ ነው። ስንመለስ በዳገቱ ላይ ፔዳሉ ጠለቅ ብሎ ሲረገጥ ደግሞ 0.85 አካባቢ ላይ ቆየ፤ በከባድ ጭነት ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ይህን መንገድ በየቀኑ የሚመላለሱ መኪኖች ላይ ንባብ የሚወስድ ሰው፣ ቁጥሩን ከመተርጎሙ በፊት መኪናዋ በዳገት ላይ ናት ወይስ በቁልቁለት የሚለውን መጠየቅ አለበት።

በማግስቱ ማለዳ፣ መኪናዋ እንደገና ውጭ አድራ፣ በብርዱ ውስጥ የሁለቱ እርማቶች ድምር +4 ነበር፤ ሞቃ ስትጨርስ +2። ሐጂ መኪናዋን ወስደው እንደ ወትሮው ሲነዱ ሰንብተው ሲመለሱ የሴንሰሮቹ፣ የማሞቂያዎቹና የካታሊስቱ ፍተሻዎች ሁሉም ተጠናቀው፣ የተመዘገበም ሆነ በመጠባበቅ ላይ ያለ ኮድ አልነበረም። የቤንዚን ሽታው ጠፍቷል።

የፊተኛው ሴንሰር ዕድሜው የገፋ ስለሆነ ምላሹ ከአዲስ ሴንሰር ትንሽ ይዘገያል። አንድ ቀን ፒ0133፣ ማለትም የሴንሰሩ ምላሽ መዘግየቱን የሚናገረው ኮድ ከመጣ፣ ያን ጊዜ የራሱ ሶኬት ባለው ኦሪጅናል መቀየር እንዳለበት ለሐጂ ነግረናቸዋል። ከጥገናው በኋላ ያሉትን የማለዳና የቀትር እርማቶች፣ የቫኪዩም ንባቡንና የማሞቂያዎቹን ሬዚስታንስ በአንድ ወረቀት ጽፈን፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን መዝግበን፣ ከቀድሞዎቹ ወረቀቶች ጋር በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠናል።